ጠባቂው አዳም ነው

ከመሰላል ላይ ነው ያወረዱኝ። ጎንደር፣ ቁስቋም አካባቢ በሚሠራ አዲስ ቤት ውስጥ የሳሎኑን የመብራት መስመር እየሳብሁ ሳለሁ ሁለት ሰዎች ገብተው ከመሰላሉ ሥር ቆሙ። አንደኛው ስሜን ከነአባቴ ጠራና «ውረድ» አለኝ። አልጮኸም። እንዲያውም እንዳይንሸራተት መሰላሉን በእጁ ደግፎ ያዘልኝ። ፒንሳው እጄ ላይ ነበር፤ የት እንደማኖረው ጠፋኝ። ኪሴ ብከተው መሣሪያ ደበቀ ይሉኛል፣ ብጥለው ወረወረብን ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። በመጨረሻ የመሰላሉ እርከን ላይ ቀስ አድርጌ አስቀመጥሁት።

ነጭ ፒካፕ ውስጥ በሁለቱ መሀል አስቀምጠው በፒያሳ በኩል ወሰዱኝ። ቀን ነበር። ሰው በየካፌው በረንዳ ተቀምጧል፣ ባጃጁ ይጮኻል። ከተቀመጡት አንዱ የማውቀው ሰው ነበር፤ ዐይን ለዐይን ተገጣጠምንና ፊቱን አዞረ። አልተቀየምሁትም። እኔም ሌሎች ሲወሰዱ እንዲያ አድርጌያለሁ።

የወሰዱኝ በሶላር ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ወደ ደጋው ወጥቼ ለአንድ ገበሬ ቤት የፀሐይ መብራት ገጥሜ ነበር። ገበሬው መብራቱን ለራሱ አብርቶ የጎረቤቱን ስልክ ሁሉ ቻርጅ ያደርግበት ጀመር። የማን የማን ስልክ እንደሆነ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም፤ እኔ ደግሞ ጨርሼ አላውቅም። ጫካ የገቡ ሰዎች ስልክ አለበት ብለው ይኼንኑ ነበር መጀመሪያ ቀን ደጋግመው የጠየቁኝ።

ያስገቡኝ ቀድሞ የዕቃ ማከማቻ የነበረ ክፍል ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ በቆርቆሮ የተደፈነ፤ ቆርቆሮው ላይ ምስማር የበሳቸው ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ከሰዓት በኋላ በነሱ በኩል ፀሐይ ትገባና ግድግዳው ላይ ነጠብጣብ ትሠራለች። ክፍሉ በረኪናና የእግር ላብ ይሸታል። ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች ነበሩን፤ አንዱ የመጠጥ ውኃ፣ ሌላው ለሌላው ጉዳይ። አሥራ ሰባት ሰው ነበርን። ቁልፉ ሲንቋቋ አሥራ ሰባታችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን። የሚጠራው ስም የሌላ ሰው ሆኖ ሲገኝ ደስ ይለናል፤ ወዲያው ደግሞ በደስታችን እናፍራለን። እንዲህ ያለ ነገር በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይደርስብናል።

ከጎኔ የሚተኙት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከዳባት ወዲያ ካለ አገር የመጡ የቅኔ መምህር ናቸው። ጥምጥማቸውን ሲገቡ ወስደውባቸዋል። እጃቸው በየጊዜው ወደ ራሳቸው ይሄድና ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ይመለሳል። ሰው ፊት ራሳቸውን ገልጠው መቀመጥ ከርሃቡም ከሲሚንቶውም ይልቅ የከበዳቸው ይመስለኛል። የተያዙት ለአንድ በዓል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተቀኙት ባለ ሁለት ቤት፣ ባለ ሁለት ስንኝ አጭር ቅኔ ነው። አንድ ሰው ሰምቶ «በቅኔው ሹማምንቱን ሰደቡ» ብሎ አመለከተ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሽማግሌው ጣታቸውን እያጠፉ ቅኔ ሲቆጥሩ ሰማኋቸው። አንድ ግሥ አስቸገራቸው። ሁለት ቃል ሞከሩ፣ ሁለቱም ቤቱን አልሞላ አሏቸው። ሦስተኛው ከእኔ አፍ አመለጠ። ሳላስበው ነው። ሃያ ዓመት ያልጠራሁት ቃል ነበር።

ዞር ብለው አዩኝ። ከየት ጉባኤ ቤት እንደሆንሁ ጠየቁኝ። አሁን መብራት ሠራተኛ ነኝ አልኋቸው። እሱን አልጠየቅሁህም አሉኝ።

ስለዚህ ነገርኋቸው። አባቴ እዚሁ ጎንደር የአንድ ደብር መሪጌታ ነበሩ። እኔ ከማክሰኝት ወዲያ ካለ ጉባኤ ቤት እስከ መወድስ፣ እስከ ረጅሙ የቅኔ ዓይነት ደርሼ፣ መምህሬም አስነጋሪ፣ የእሳቸው ረዳት ሊያደርጉኝ ሲያስቡ አባቴ ሞቱ። እናቴና ሁለት ታናናሽ እኅቶቼ ቀሩ። አጎቴ የመብራት ባለሙያ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም። መጥቶ ከጉባኤ ቤቱ አጥር ሥር ቁጭ አለና «ቅኔው የትም አይሄድብህም፤ እናትህ ግን ዛሬ መብላት አለባት» አለኝ። በማግስቱ በሐምሌ ዝናብ ተነሥቼ ሄድሁ። መምህሬን አልተሰናበትኋቸውም። ቢያዩኝ እቀራለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። ከዚያ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ተመረቅሁ፣ ሥራ ያዝሁ፣ እኅቶቼን ዳርሁ። ሥራዬን አልጠላውም። ሸጋ ሥራ ነው። የጨለመ ቤት አብርቶ መውጣት ደስ ይላል። ነገር ግን ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሰው ሲቀኝ ስሰማ እወጣለሁ። ሚስቴ እግሬን የሚያመኝ ይመስላት ነበር።

ሽማግሌው እስክጨርስ ሰሙኝ። እንደሚገሥጹኝ ጠብቄ ነበር።

«እኔ ክረምት ሞፈር እይዛለሁ» አሉ፣ «ጥቅምት ሲገባ ወንበር እዘረጋለሁ። በሬዎቼ ቅኔ አያውቁም፣ ተማሪዎቼም ማረስ አይወዱም። አርባ ዓመት ሁለቱን አላስታረቅኋቸውም። እየተጣሉብኝ ይዣቸው ኖርሁ እንጂ።»

«ለእኔ ግን አንዱ ብቻ ነው የቀረኝ» አልኋቸው።

«ምነው፣ ማን ቀማህ?»

«ማንም። ድኽነት ፈራሁ።»

«ድኽነትማ ያስፈራል» አሉ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የኔታ እያልሁ እጠራቸው ጀመር።

ይኼን ሁሉ ስንጫወት ሌሎቹ አጠገባችን ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ቶሎ ቶሎ የሚጠራ፣ ሲመለስም አፉ ሲጋራ የሚሸት ሰው ነበር። ያሳበቀብኝ እሱ ነው ማለት አልችልም። ብቻ በሰባተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ቁልፉ ተንቋቋና የተጠራው ስም የእኔ ሆነ።

የምርመራው ክፍል ንጹሕ ነበር። ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ። መርማሪው በዕድሜ እኩያዬ ይሆናል፤ የሲቪል ልብስ ለብሷል፣ ጥፍሩ በደንብ የተከረከመ ነው። ቁጭ በል አለኝ። ተቀመጥሁ። ከወንበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ መክደኛው የወለቀ ሶኬት አለ፤ ሁለት ሽቦዎች አንድ ስንዝር ያህል ወጥተው ተንጠልጥለዋል፣ ጫፋቸውም ተልጧል። ሥራ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ትቶ አይሄድም። ዐይኔን ከዚያ ማንሣት አቃተኝ።

«ምን ታያለህ?» አለኝ።

«ሶኬቱን።»

«ምን ሆነ?»

«አደገኛ ነው።»

«ለማን?» አለና ሻዩን ጠጣ።

ምራቄ ደረቀ።

ስለ ሶላሩ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። አንዲት ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። የየኔታ ቅኔ ነበረች፣ በግእዝ፣ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈች። ቅኔ ቤት እንደነበርህ ሰምተናል አለኝ። ፍታልንና ፈርምበት። ከፈታህልን ያንተ ጉዳይ ቀላል ነው፤ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ። ሥራ አለህ፣ ልጅ አለችህ፤ የመብራት ሰው ነህ፤ ምን አግብቶህ ከነዚህ ጋር ትበሰብሳለህ? ይኼን ሁሉ እንደሚመክር ሰው በዝግታ ነው የተናገረው። አጎቴም ያኔ በእንደዚህ ያለ ድምፅ ነበር የመከረኝ።

ቅኔዋን አነበብኋት። ሰሟ ቀላል ነው። የአትክልቱ ጠባቂ ከፍሬው በላ፤ ባለቤቱ መጥቶ ወዴት ነህ ሲለው ከቅጠል ኋላ ተሸሸገ ትላለች። የአዳም ታሪክ ነው። ወርቋን ለማየትም ጊዜ አልፈጀብኝም። ጠባቂው ሕዝቡን ጠብቅ የተባለው ሹም ነው፤ ፍሬው ሕዝቡ ነው፤ ቅጠሉ ደግሞ ቅጠል የሚመስለው የወታደር ልብስ ነው። በሁለት ቤት ይኼን ሁሉ ይዛለች። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ያ ሽቦ አጠገቤ ተንጠልጥሎ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ አድናቆት ነው። ፍርሃቱ ቀጥሎ መጣ።

እውነቱን ልናገር፤ ልፈታለት ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። የልጄ ፊት መጣብኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ ብዙ አያስሯቸውም፣ ሌላ ሰውም ይፈታዋል ብዬ ለራሴ ተከራከርሁ። ውኃ ስጡኝ አልሁ። በሩ ላይ የቆመው የግቢው ጠባቂ በጣሳ አመጣልኝ። ስጠጣ ግማሹ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። ጣሳውን ሳስቀምጥ የመጣልኝ ቃል ሌላ ነበር።

«ጠባቂው አዳም ነው» አልሁ።

«እሱን እኛም እናውቃለን። ወርቁን ነው የጠየቅሁህ።»

«ወርቁ ካህኑ ነው። መምህሩ ራሱ። መንጋውን ጠብቅ ተብሎ ከመባው በልቷል። እግዚአብሔር ወዴት ነህ ሲለው ከቅጠል ኋላ ይደበቃል።»

«ቅጠሉስ?»

«የመጽሐፍ ቅጠል ነው። ብራናው። መምህር ኃጢአቱን በመጽሐፉ ይሸፍናል ማለታቸው ነው። ራሳቸውን እየወቀሱ ነው።»

ሌላ የሚያውቅ ሰው ጠይቀናል፣ የእሱ ፍቺ እንዲህ አይደለም አለኝ። ቅኔን ሁሉም የየራሱን ይሰማበታል አልሁት። ተነሥቶ ጠረጴዛውን ዞረና መታኝ። አንድ ጊዜ ነው፤ በጥፊ። በዚያ ግቢ ከእኔ የበለጠ የደረሰባቸው ሰዎች ስላሉ ስለሱ ብዙ አላወራም። ከዚያ እንደገና ጠየቀኝ፣ እኔም እንደገና ያንኑ መለስሁ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ ድምፄ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር፤ ቃሉን ግን አልለወጥሁም። የተናገርሁትን ጽፎ አስፈረመኝ።

ወጣሁ ስል «ቆይ» አለኝና ከመሳቢያው ካቻቢቴ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «መብራት ሠራተኛ ነኝ አይደል የምትል? ያንን ሥራው።»

መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉልኝ አልሁ። ጠባቂው ወጥቶ ተመለሰና ጠፍቷል አለ። መሞከሪያ አልነበረኝም፤ ጠፍቷል ማለቱን ማመን ነበረብኝ። ሽቦውን መጀመሪያ በእጄ ጀርባ ነካሁት። አጎቴ ነው እንዲያ ያስተማረኝ፤ ኤሌክትሪክ ካለው መዳፍ ይጨብጣል፣ የእጅ ጀርባ ግን ይሸሻል። ሊነካ የቀረበውን ያችን ቅጽበት እስካሁን አልረሳትም። ጠፍቶ ነበር። ሽቦዎቹን አሳጠርሁ፣ ቦታቸው አሰርሁ፣ መክደኛውን ገጥሜ እስከ መጨረሻው አጠበቅሁት። ያ ሶኬት በሰው ላይ ውሎ ያውቅ እንደሆነ አላውቅም። ስልክ ቻርጅ ሲያደርጉበት የተበላሸ ሊሆን ይችላል።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። የኔታን ጠርተው ቢጠይቋቸውና እሳቸው ሌላ ቢናገሩ ሁለታችንም አለቀልን። ደግሞ እሳቸው በቅኔ ጉዳይ የሚዋሹ ሰው አልነበሩም። ዳቦ ሲታደል ጫጫታ እስኪሆን ጠበቅሁና ጆሯቸው ሥር ሆኜ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ የጠየቁኝን፣ የመለስሁትን፣ የፈረምሁትን። ወርቋን አጠፋሁብዎ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኋቸው።

ዳቧቸውን ይዘው ቀሩ።

«ቅጠሉን መጽሐፍ አልኸው?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ከመጽሐፍ ኋላ ተሸሸገ።»

«አዎ።»

ዐይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ሁለቱን ቤት በአዲሱ ፍቺ ደግመው እየሄዱባቸው እንደሆነ ገባኝ። ስንት ጊዜ እንደደጋገሙት አላውቅም። ዳቦው ታድሎ አለቀ፣ ጫጫታው በረደ።

«እኔን ነካኸኝ» አሉ በመጨረሻ። «ይኼንን አላየሁትም ነበር። እውነት አለበት።» ከዚያ ቅኔ ቤት ውስጥ ያማረ ቅኔ ሲሰማ የሚባለውን ቃል በሹክሹክታ አሉት፦ «ይበል።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። ጉንጬ ገና ያቃጥለኝ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ያን ቃል የሚለኝ ሰው እንደምፈልግ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የኔታን ጠሯቸው። ወዴት እንደሚወስዷቸው የነገረን የለም። ከውጭ ሞተሩ ያልጠፋ መኪና ይሰማል። ጠባቂው ከገጠር የመጣ ጎልማሳ ነበር፤ በሩን ከፍቶ «አያ፣ ይነሡ» አለ። አያ ማለቱ ራሱንም ያሳፈረው መሰለኝ፤ ወዲያው ድምፁን አጠንክሮ «ቶሎ በሉ» አለ።

የኔታ ተነሡ፤ ነገር ግን በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እጃቸው ወደ ራሳቸው ሄደ። ከግቢው ማዶ የታሳሪ ቤተሰብ ስንቅ ይዞ በዚያ ሰዓት ይሰለፋል፤ ሴቶችም፣ ከደብር የመጡ ካህናትም ይኖራሉ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በገላጣ ራስ ሊያልፉ ነው።

ሚስቴ የላከችልኝ ነጭ ፎጣ ነበረኝ። አንሥቼ ቆምሁ። ያለ ፈቃድ መቆም ክልክል ነበር። «ጥቂት ቆይላቸው» አልሁት ጠባቂውን። ያለፈው ቀን ከተናገርሁት ሁሉ ይኼኛው አንድ ዐረፍተ ነገር ከበደኝ። ጠባቂው እኔን አየ፣ ፎጣውን አየ፣ ወደ ውጭ ዞረና የመኪናውን በር እንደሚመለከት ሰው ሆነ።

የኔታ ፎጣውን ተቀበሉኝ። አልቸኮሉም። አንዱን ጫፍ በጥርሳቸው ይዘው እንደ ጥምጥም ዞር ዞር አድርገው አሰሩት፣ እጥፋቱን አስተካከሉ፣ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ ቀና ብለው ወጡ። የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማን።

እኔን ከሁለት ወር በኋላ ለቀቁኝ። ክስ አልቀረበብኝም። የኔታ ምን እንደሆኑ አላውቅም። ከዳባት የሚመጡ ነጋዴዎች ፒያሳ አሉ፤ ብጠይቅ የሚነግረኝ አላጣም። አልጠየቅሁም። አንዳንድ ቀን ልጠይቅ እነሣና የማንን ስም እንደምጠራ፣ ማን እንደሚሰማኝ አስቤ እቀመጣለሁ። ይኼን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን እንዲህ ነው።

ዘንድሮ ልጄ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል መምረጫ ደርሷታል። ታሪክ ማጥናት ትፈልጋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የቁስቋምን ፍርስራሽ ግንብ እየዞረች ድንጋይ የምታይ ልጅ ናት። እናቷ ፋርማሲ ትላለች፤ ምክንያቷም ከንቱ አይደለም፤ መድኃኒት የማይፈልግ ዘመን አይመጣም። አንድ ማታ እራት ላይ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። አጎቴ ለእኔ እንደነገረኝ ያለ ነገር እንድነግራት ነበር የሚጠብቁት።

ስለዚያ የእስር ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኋቸው። ሁሉንም አይደለም። ለልጄ የነገርኋት ይኼን ያህል ነው፦ ቅኔን ትቼ መብራት የያዝሁት ክፉ ቀን እንዳያገኘኝ ብዬ ነበር። ክፉ ቀን መጥቶ ያገኘኝ መሰላል ላይ ቆሜ መብራት ስሠራ ነው። እዚያ ወስዶ ደግሞ የጠየቀኝ ስለ ቅኔ ነው።

«ታዲያ ምን ልምረጥ፣ አባዬ?»

«አላውቅም» አልኋት። «ሆድም አለ፣ ልብም አለ። ብቻ ፈርተሽ አትምረጪ። እኔ ፈርቼ መረጥሁ፤ ፍርሃቱ ግን ከእኔ አልቀረም።»

ሚስቴ ሳህኑን አነሣች። ልጄ ወረቀቱን ይዛ ሁለት ቀን ቆየች። አንደኛ ታሪክ፣ ሁለተኛ ፋርማሲ ብላ ሞልታ አመጣችው፤ እኔም ሳልለውጥ ፈረምሁበት።

እኔ ዛሬም መብራት እሠራለሁ፤ የምንበላው በሱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን የሥራ ቦርሳዬን እንደያዝሁ አንድ ጉባኤ ቤት እሄዳለሁ። መምህሩ በዕድሜ ያንሱኛል። የመጀመሪያ ቀን የት ላይ እንዳቆምሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው፤ ተቀመጥ አሉኝ። ከተማሪዎቹ ጋር ሣር ላይ ተቀምጬ ቅኔ እቆጥራለሁ። አንዳንዴ በመንገዱ መኪና ይመጣና ከአጥሩ ውጭ ይቆማል። አፌ ይደርቃል፤ የያዝሁት ሁሉ ይጠፋብኛል። መኪናው እስኪሄድ እጠብቃለሁ። ከዚያ ከመጀመሪያው ቤት እጀምራለሁ።